ከጉሙ ወዲያ የነበረው

ልጅ ሳለሁ የምፈራቸው ነገሮች ሁሉ ስም ነበራቸው። ጅብ፣ ጭራቅ፣ ሰይጣን። ሆሳዕና ከተማ በምንሄድበት ቤተ ክርስቲያን ሰይጣን ተገሥጾ «ውጣ!» ሲባል ይወጣ ነበር። እየተንቀጠቀጥኩ አይቼ፣ እፎይ ብዬ ወደ ቤት እመለሳለሁ። የሚያስፈራ ነገር ሁሉ በመጨረሻ ይባረራል ብዬ አምን ነበር።

ይህን እምነቴን ያናጋችው አክስቴ አስካለች ናት። ዶዮገና በምትባል የደጋ ከተማ እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር፤ እኔና ታናሽ እህቴ ማርታ ክረምቱን እሷ ዘንድ እናሳልፋለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ቤቱ በእርጥብ ባሕር ዛፍ ጭስ ሲታፈን፣ ሽፋናቸው የተገነጠለ አስፈሪ ልብ ወለዶቿን እያነበበች በአማርኛ ትተርክልናለች። አንድ ከሰዓት በኋላ የተረከችልን ግን ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ከከዋክብት ወዲያ የመጣ፣ ከሰው ልጅ በፊት የነበረ፣ ሰማዩን ሞልቶ የሚያልፍ ነገር። ሰዎቹ ይጮኻሉ፣ ይለምናሉ፤ እሱ ዝም ብሎ ያልፍባቸዋል።

«ለምን ጠላቸው?» አልኳት።

«አልጠላቸውም። መኖራቸውንም አያውቅም።»

«ቢጸልዩስ?» አለች ማርታ።

አክስቴ መጽሐፉን አጠፈችና እሳቱን ልትቆሰቁስ ተነሣች።

በማግስቱ ጨው ግዙ ብላ ላከችን። ስንመለስ በእንሰቱ መሀል ያለውን አቋራጭ ያዝን። ጉሙ ከኮረብታው ላይ እንዴት እንደወረደ አላየሁም፤ ብቻ ከፊቴ የነበረችው ማርታ ድንገት ጠፋች። እጄን ዘርግቼ ሹራቧን ጨበጥኩ። ከእንሰቱ ቅጠል የሚንጠባጠበው ውሃ በየት በኩል እንደሚሰማ መለየት አቃተኝ። ጥቂት እንደሄድን እንሰቱ አለቀ። ከፊታችን ነጭ ባዶ ብቻ ነበር። ከባዶው ውስጥ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ሽቅብ መጥቶ ፊቴን መታኝ። የሆነ በጣም ትልቅ ነገር እዚያ እንዳለ ገባኝ።

«እሱ ነው» አለች ማርታ በሹክሹክታ። «እንሩጥ!»

«አትንቀሳቀሺ። ዝም ካልን መኖራችንን አያውቅም።»

ተቃቅፈን ጭቃው ላይ ተቀመጥን። ማርታ ለቅሶዋ እንዳይሰማ አፏን ደረቴ ላይ ደፈነች። የልቧን ምት በሹራቧ ላይ ይሰማኝ ነበር።

ጉሙ ሲሳሳ መጀመሪያ ያየሁት የማርታን ጫማ ነው። ቀጥሎ ከጫማዋ ፊት ያለውን ሣር። ከሣሩ ወዲያ መሬት አልነበረም። ገደል አፋፍ ላይ ነበርን። ያ ትንፋሽ ከገደሉ ሥር ሽቅብ የሚነፍስ ነፋስ ኖሯል።

አክስቴ እየተጣራች ስትደርስ የት እንደተቀመጥን አየች። በእጇም በእግሯም እየዳኸች መጥታ ሁለታችንንም ወደ ኋላ ጎተተችን።

«እንዴት ሳትወድቁ ቆማችሁ? ማን አስቆማችሁ?»

«ፈራን» አለቻት ማርታ።

አክስቴ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ያን ታሪክ ባትተርክልን ኖሮ አንቆምም ነበር። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ስለ ገደሉ ሳስብ የሚያስፈራኝ ጥልቀቱ አልነበረም። ብንወድቅም ባንወድቅም ለእሱ ያው መሆኑ ነበር።

አሁን ሆሳዕና ውስጥ አስተማሪ ነኝ። የሥነ ጽሑፍ ክበባችን ልጆች የሚጽፉትን አነባለሁ። የእኛ ዘመን አስፈሪ ተረት ጅቡ ተባርሮ፣ ሰው ተሰብስቦ ሲስቅ ነበር የሚያልቀው። የእነሱ እንደዚያ አያልቅም። በስልካቸው ከሚያነቡትና ከሚያዩት ይሁን ከሌላ፣ ታሪካቸው ውስጥ ጭራቅ እንኳ የለም። ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ድምፅ አለ፤ ቀስ በቀስ የሚቀርብ ሰማይ አለ፤ ሰውን ከምንም የማይቆጥር ግዙፍ ነገር አለ። አክስቴ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ያገኘችው ፍርሃት ዛሬ የእነዚህ ልጆች ሁሉ ሆኗል።

በቅርቡ ቤቴልሔም የምትባል ተማሪዬ የጻፈችውን አሳየችኝ። አንዲት ከተማ ከነሰዎቿ ቀስ እያለች ትጠፋለች።

«መጨረሻ ላይ የሚደርስላቸው ሰው ለምን አልጻፍሽም?» አልኳት።

«ቲቸር፣ ቢጮኹስ ማን ይሰማቸዋል?»

ፈገግ ብላ ነበር የመለሰችልኝ፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። እኛ ስንፈራ የምንሸጎጥበት ደረት፣ እየተጣራ የሚፈልገን ሰው ነበረን። እሷ ይህን ሁሉ ያነበበችው ጆሮዋን በኢርፎን ደፍና፣ ብቻዋን ነው።

ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁ።

«ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢልኝ» አልኳት፤ «እኔ እሰማለሁ።»