እስከ ቡሬ ድረስ ሙትልኝ

እስቲ ያንን ቃሬዛ እዩት። ከደጀ ሰላማችን ጣሪያ ሥር የተሰቀለውን፣ ሁለት ረዣዥም የጽድ እንጨት፣ መካከሉ በጠፍር የተጠላለፈውን። የእንጨቱን ጫፍ ዳስሱት፤ እንደ ቀንድ ዋንጫ ለስልሷል። መጥረቢያ አይደለም ያለሰለሰው፤ ትከሻ ነው። የአገራችን ሰው ይህን ለእንግዳ ሲያሳይ ደረቱን ይነፋል፦ «እኛ እኮ ሰው አንጥልም!» ይላል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ለምን እንደሚፈላ የባንቺአየሁን ነገር ልንገራችሁ፤ እኔም የሰማሁት ከራሷ አፍ ነው።

ባንቺአየሁ ከሽንዲ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በእኛው ደብር የምትኖር ፈታይ ነበረች። አጭር፣ ፈጣን፣ እጇ ከእንዝርት፣ ምላሷ ከቧልት የማይለይ። የእሷ ፈትል የገባበት ጋቢ ገበያ ላይ ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ባሏ ዳኘው ደግሞ ቃል የማይበዛው አራሽ ነው። ልጅ አልወለዱም። «እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይሰማል፤ ቤቱ በዚህ ይሞላል» ትል ነበር።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ መንገድ በሚያስቆፍርበት ዘመን፣ በ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ዳኘውን ከማሳው አንሥተው ለድንጋይ ፈለጣ ነዱት። ብዙም ሳይቆይ ከገደሉ የተንከባለለ ድንጋይ ጭኑን ሰበረው። ያን ቀን ማንም ማንንም አልለመነም። የአገሩ ወንድ ሁሉ ያን ቃሬዛ ይዞ እየሮጠ ወጣ፤ እየተቀባበለም ከቤቱ አደረሰው። የቡሬው ወጌሻ አያ እጅጉም በበቅሎ መጥተው ጭኑን በቀርከሃ ስንጥር አሰሩለት። ሲጨርሱ ባንቺአየሁን ወደ ደጅ ጠሯት።

«ስሚ፣ ልጄ። ሰውየው አይሞትም። አሁን ያሰርሁት ለመያዣ ነው። እብጠቱ ሲጎድል ፈትቼ፣ አጥንቱን ስቤ አቃናዋለሁ። ከኅዳር ሚካኤል ቀጥሎ ባለው ገበያ ቡሬ ድረስ አምጪልኝ። ያ ቀን ካለፈ አጥንቱ እንደ ጠመመ ይጋጠማል፤ ከዚያ ወዲያ እኔም አላቃናው።»

«አንቱው ቢመጡልን ምናለ፣ አያ?»

«ብመጣማ ምን ገዶኝ። ግን የጣሊያኖቹ ቁጥጥር እየጠበቀ ነው፤ ያርበኛ ቁስል ያክማል ብለው በር ሊዘጉብኝ ነው።»

ዘጉባቸውም። ያለ ይለፍ ወረቀት ከቡሬ እንዳይወጡ ተከለከሉ። ኅዳር ሲገባ ደግሞ የባሰ ወሬ መጣ፦ በዚያው በቀጠሮው ገበያ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ጣሊያኖቹ አያ እጅጉን በካሚዮን ጭነው ወደ ዓባይ በረሃ፣ ወደ መንገድ ሠሪዎቹ ሰፈር ሊወስዷቸው ነው። መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ ዳኘው በዚያ ቀን ከቀትር በፊት ቡሬ ካልደረሰ ዳግመኛ በእግሩ አይሄድም። በቅሎ እንዳይቀመጥ ጭኑ በስንጥር ተገትሯል። የቀረው ትከሻ ነው።

ትከሻ ደግሞ ሞልቶ ነበር። ባንቺአየሁ መጀመሪያ ጎረቤቷ ታከለ ዘንድ ሄደች።

«አያ ታከለ፣ ዳኘውን ለቀጠሮው ቡሬ ያድርሱልኝ።»

«ታመመ እንዴ? ባሰበት?»

«ኧረ ደኅና ነው። ቀጠሮ ነው።»

«እ! ደኅና ከሆነማ…» አለና ማጭዱን መሳል ጀመረ። «አጨዳ ነው፣ ታውቂዋለሽ። ጤፉ ሊረግፍብኝ ነው።»

«እከፍላለሁ።»

ታከለ እንደ ተሰደበ ሰው ቀና አለ። «ምን አልሽ? ሰው በኪራይ? እኔን ማን አደረግሽኝ፣ የጭነት አህያ? በዚህ ደብር ቃሬዛ ተከፍሎበት ያውቃል?»

«እንግዲያው በነጻ ይውሰዱልኝ።»

«አጨዳ ነው እኮ አልሁሽ!»

ይኸን ልብ በሉልኝ። በነጻ እንዳይሸከም ሥራ አለበት፤ በዋጋ እንዳይሸከም ክብር አለበት። ሌላው ጎረቤቷ ንብረት ዘንድም ሄደች፣ ይኸንኑ አላት። ከታች ሰፈር ሁለት ወንድማማቾች ዘንድም ወረደች፣ ይኸንኑ። ሁሉም ዳኘውን ይወዱታል፣ ሁሉም «እግዜር ይማረው» ይላሉ፣ ሁሉም አጨዳ ላይ ናቸው። ሰውየው ቢያጣጥር ማጭዳቸውን ወርውረው እንደሚመጡ እሷም ታውቃለች። አለማጣጣሩ ነው የበደለው!

ባንቺአየሁ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥታ ስትገላበጥ አደረችና በማለዳ መላውን አገኘችው። ለዳኘው ጋቢ ብላ የፈተለችውን ልቃቂት ሁሉ ከሙዳይዋ አውጥታ በጉያዋ ይዛ፣ ወንዶቹ ማሳ ሲወርዱ ጠብቃ፣ ሚስቶቻቸው ዘንድ ዞረች። ልቃቂቱን ከምሰሶው ሥር እያኖረች «ለእርስዎ ነው፣ እታለም፤ እንዲያው ፈትሌ ተረፈኝ» ትላለች። ሚስቶቹ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ገባቸው። የእሷ ፈትል በነጻ አይተርፍም።

ማታውን ታከለ በደጇ ብቅ አለ። ዓይኗን አላየም።

«በገበያው ቀን እንወስደዋለን። ለጽድቅ ነው እንግዲህ።»

«ለጽድቅ ነው፣ አያ» አለች። ቧልቷን እንዴት አድርጋ እንደ ዋጠችው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ቀኑ ደረሰ። ገና ጠፍ ሳለ፣ ሳይነጋ፣ ዳኘውን በቃሬዛው አጋድመው አራቱም ተሸከሙት። ባንቺአየሁ ከኋላ ትከተላለች፤ አንድ ዓይኗ ከባሏ ጭን፣ አንድ ዓይኗ ከፀሐይዋ። ትንሽ ሲሄዱ ያርፋሉ፤ ትንሽ ሲሄዱ ንብረት ትከሻውን ይይዛል። «ኧረ ዳኘው፣ በሽታ ያወፍራል እንዴ?» ይለዋል። ዳኘው ከላይ ሆኖ «ሚስቴ ናት ያበላችኝ፤ እሷን ጠይቃት» ይላል። እሷ አትስቅም። ጥላዋ እያጠረ ነው።

ከአንድ ዋርካ ሥር ሲደርሱ ከወዲያኛው ጋራ አቧራ ተነሣ። ባንዳ ይሁን የገበያ ከብት አልለየም። አራቱ ተያዩ። ጭኑ የተሰበረ ወንድ በቃሬዛ ይዞ መገኘት ዋዛ አልነበረም። ባንዳ «አርበኛ ቆስሎባችሁ ነው» ይላል፤ አርበኛም በፊናው «ጣሊያን ዘንድ ምን ወሰዳችሁ?» ይላል። ፍርሃታቸውን አልነቅፍም። የምነቅፈው አወጣጣቸውን ነው።

«ውኃ ጠጥተን እንምጣ» አለ ታከለ። ቃሬዛውን ቀስ አድርገው አኖሩና ወደ ወንዙ ወረዱ። አቧራው አለፈ፤ የገበያ ከብት ነበር። እነሱ ግን እንደ ወረዱ ቀሩ።

«የጠጡት ውኃ ባሕር ነው መሰል» አለ ዳኘው፤ ቆየት ብሎ።

ባንቺአየሁ በመንገዱ ላይ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ወደ ወንዙ ትጮኻለች፣ የሚመልስላት ገደሉ ብቻ። ቃሬዛውን በአንድ ጫፍ አንሥታ ልትጎትት ሞከረች፤ ዳኘው ጥርሱን ነክሶ ሲያቃስት ጣለችው። ፀሐይዋ ከፍ አለች፣ ዝንቡ ፊቱን ወረረው። ነጠላዋን አውልቃ ፊቱን ሸፈነችለት። ክፋት አላሰበችም፤ ለዝንቡ ነበር።

ከመንገዱ በታች የጊዮርጊስ ደብር ሰዎች ጤፍ ያጭዳሉ። አንዲት ሴት ቀና ስትል ያየችው በቃሬዛ የተጋደመና ፊቱ የተሸፈነ ሰው፣ አጠገቡም ራሷን የያዘች ነጠላ የሌላት ሴት ነው። «ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ!» ብላ ጮኸች። በዚያ ጩኸት ማሳው ሁሉ ተነሣ። ማጭድ ተወረወረ። ወንዱ እየዘለለ፣ ሴቱ ደረቱን እየመታ ሽቅብ መጣ።

ባንቺአየሁ እየሮጡ የሚመጡትን ትከሻዎች አየች። ከዚያ ፀሐይዋን አየች። ጎንበስ ብላ በነጠላው ላይ አፏን አኖረች።

«ዳኘው።»

«እ?»

«ዝም በል። እስከ ቡሬ ድረስ ሙትልኝ።»

«ምን?»

«ሙት አልሁህ! መጡ።»

ዳኘው ሞተ። ሲነግሩት የሚሰማ ባል ነበር አላልኋችሁም?

እሷ በእጇ ወደ ቡሬ ስታመለክት ቃሬዛው ከመሬት እንዴት እንደተነሣ አላየችም። አንዱ ሲደክም ሌላው እየነጠቀ፣ ጠዋት ሲጎተት የነበረው ሰውዬ አሁን በሩጫ ይሄዳል። እሷም ታለቅስ ጀመር፤ እንባዋ የውሸት አልነበረም።

«ምን ገደለው፣ እታለም?»

«ድንጋይ።»

«የጣሊያን መንገድ?»

«እሱው።»

«ነፍስ ይማር!»

አሜን አላለችም። አሜን ብትል በራሷ አፍ ልትገድለው ነው። አንገቷን ደፍታ ሮጠች። ነጠላው በትንፋሹ ከፍ ዝቅ ሲል እንዳይታይ ብላ ቃሬዛው ላይ ልብሱን ደጋግማ ታስተካክላለች። ሰው «አይ ፍቅር!» ይላል።

ቡሬ ሊታይ ጥቂት ሲቀረው ተሸካሚዎቹ ከመንገዱ ወደ ግራ ታጠፉ።

«ወዴት ነው? ኧረ መንገዱ በዚህ ነው!»

«አስከሬን በጊዮርጊስ ደጅ ፍትሐት ሳይደገምለት አያልፍም። ምን ነካሽ፣ ክርስቲያን አይደለሽም?»

ደወሉ ተመታ። ቄሱ አባ ክንፈሚካኤል ጥና ይዘው፣ ካባ ደርበው ወጡ።  አባ ወደ ባንቺአየሁ ዘንበል አሉ።

«ክርስትና ስሙ ማን ነው፣ ልጄ?»

የሟች ነፍስ በክርስትና ስሙ ነው የሚጸለይለት። ስሙን ከሰጠች ባሏ በቁሙ ከሙታን ጋራ ተቆጠረ። ካልሰጠች ትከሻው ሁሉ አሁን ይበተናል።  አባ ደገሙ፦ «ስሙን፣ ልጄ?»

«ገብረ ሕይወት» አለ ሟቹ።

የሆነውን አልነግራችሁም፤ ገምቱት። የሮጠ ሮጠ፣ የወደቀ ወደቀ፣ አንዲቱ «ተነሥቷል!» እያለች እልል አለች። ዳኘው ነጠላውን ከፊቱ ገልጦ «ይቅርታ፣ አባ» አለ፤ «ሲጠይቁኝ አፌ ቀደመ።»

ከዚያ ቁጣው መጣ። «በሞት ትቀልጃለሽ? አጨዳችንን አስጥለሽ? እንባችንን አስፈስሰሽ?» ሴቶቹ ከወንዶቹ ይብሱ ነበር። ባንቺአየሁ ሁሉንም ሰማች። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦

«ሕያው ነው ብያችሁ ቢሆን ኖሮ ትነሡ ነበር?»

 እኔም እስከ ዛሬ መልሱን ስጠብቅ አለሁ።

አባ ክንፈሚካኤል «ኀጢአት ነው፣ ልጄ፤ ከባድ ኀጢአት» አሉ። ጠበል ሳይረጭ ቃሬዛው አይነካም ተባለ። ጠበል እስኪመጣ አንዱ ትካስ አለ፣ አንዱ ትገዘት አለ፣ አንዱ ወደ ጤፉ ሄደ። ባንቺአየሁ ከእግራቸው ወድቃ «ፀሐይዋ! ስለ ጊዮርጊስ፣ ፀሐይዋን እዩልኝ!» ትላለች። እነሱ ፍርድ ይዘዋል።

በመጨረሻ ከደጁ የምትኖር መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተ ሥላሴ፣ በመቋሚያዋ መሬቱን መታች። «በቃችሁ! ኀጢአቱን እኔ እሸከመዋለሁ፤ ሰውየውን እናንተ ተሸከሙ!» አራት ወንዶች አፍረው ተነሡ። በዝግታ ወሰዱት። ሕያው ሰው ይከብዳል መሰለኝ።

ቡሬ ሲገቡ የካሚዮኑ አቧራ ገና ከመንገዱ አልተቀመጠም ነበር። የወጌሻው ሚስት ንግሥቴ በራፍ ላይ ቆማለች።

«አሁን፣ አሁን ሄደ። ጥቂት እንዲቆዩለት ቢለምናቸውም እንቢ አሉት። ‹አንዲት ሴት ትመጣለች› እያለ እስከ መጨረሻው አንገቱን አዙሮ ሲያይ ነበር።»

አያ እጅጉ ከበረሃው የተመለሱት ከበልግ ወዲያ ነው። ጭኑን ዳሰሱና መልሰው በልብሱ ሸፈኑት።

ዳኘው ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ፤ ጣሊያንም ሄደ፣ እሱ ከደጁ መደብ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ሰው ሁሉ «ጣሊያን ሰበረው» ይላል። አዎ፣ የሰበረውስ ጣሊያን ነው። ጠሞ እንዲቀር ያደረገው ግን ማን ነው? ይኸን ስጠይቅ ሽማግሌዎቹ «አንተ ደግሞ!» ይሉኛል።

እውነተኛው ሞቱ የመጣ ዕለት ያ ቃሬዛ ወረደ። ደጁ በሰው ሞላ። ታከለ ሸምግሎ ሳለ «እኔ ነኝ የማነሣው!» እያለ ከወጣቶቹ ጋራ ይታገል ነበር፤ ትከሻ ከትከሻ ተጋፋ። ባንቺአየሁ ከበሩ ብቅ ብላ አየቻቸው።

«ቀስ በሉ» አለች። «ዛሬ አይቸኩልም።»

አንባቢዬ፣ ከአንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከሰፈርህ ከደጁ መደብ የማይወርድ አንድ ሰው አይጠፋም። ለቀብሩ እንደምትሮጥ አውቃለሁ፤ እሱን ተወው። ዛሬ በሩን አንኳኳና «ቀጠሮህ መቼ ነው?» ብለህ ጠይቅልኝ። ቀኑን ሲነግርህም በዚያ ማለዳ ደጁ ተገኝ፤ ውኃ ልጠጣ ብለህም አትጥፋ።