ከነጠላ ጫማ ሶል የቀረጽኳቸው ማኅተሞች

ፖስት ካርድ መሥራት ያስተማረችኝ ግቢያችን ውስጥ አንዷን ክፍል ተከራይታ ትኖር የነበረች መምህርት ናት። ከጎጃም ተመድባ የመጣች ክርስቲያን ነበረች፤ ከሚሴ ውስጥ የእጅ ሥራ ታስተምራለች። እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ የማትሪክ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ከእናቴ ጋር ቤት ተቀምጫለሁ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። እናቴ ከበራችን ፊት ለፊት ባለች ትንሽ ሱቅ ሻሽና ሽርጥ ትሸጣለች። ቤት ጠርጌ ውኃ ቀድቼ ከጨረስኩ በኋላ ቀኑ አልመሽ ይለኝ ነበር።

መምህርቷ ይህን አይታ ነው መሰለኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጠራችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ ለሁለት የተገመሰ ድንች፣ ምላጭና አሮጌ የማኅተም ስፖንጅ አሉ። ስፖንጇን ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሲጥሏት አንስታ በቀይ የብዕር ቀለም አርሳታለች። ድንቹ ላይ አበባ ቀርጻበታለች። ቀለሙን አስነክታ ወረቀት ላይ ጫን አድርጋ ስታነሳው አምስት ቅጠል ያለው ቀይ አበባ ቀረ።

«ሞክሪ» አለችኝ።

ራሴ የቀረጽኩት የመጀመሪያ ማኅተም «ኢድ ሙባረክ» የሚል ነበር። ሁለት ቀን ለፍቼበት ሳትመው ፊደሎቹ ሁሉ ፊታቸውን አዙረው ወጡ። መምህርቷ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ስትቀርጪ ገልብጠሽ ነው። መስታወት ፊት ያዢው፤ መስታወቱ ውስጥ ከተነበበልሽ ወረቀቱም ላይ ይነበባል» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቴ መስታወት ከእኔ ጠረጴዛ አልተነሳም።

ድንች ካደረ ይጨማደዳል። ስለዚህ ያለቀ የጎማ ነጠላ ጫማ እየለቀምን ሶሉን በምላጭ መቅረጽ ጀመርን። ለካርዱ የሚሆነውን ወረቀት ያገኘነውም እንዲሁ በየቦታው ነው። ከሶሻሊስት አገሮች የሚመጡት ባለቀለም መጽሔቶች ሰማይ ይሆኑናል። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተራራ፣ የሲጋራ ፓኮ ብራማ ወረቀት ደግሞ ወንዝ ይሆናል። አንዱን ከሌላው ላይ ስንለጥፍ ከሥሩ ትንንሽ የካርቶን ቁራጭ እናስገባለን፤ ያኔ ተራራው ከሜዳው ከፍ ይላል፣ የቦርከና ወንዝም ከታች ያበራል። ሙጫችን ከስንዴ ዱቄት የተፈላ ነበር። በዝናብ ወር አልደርቅ ብሎ ያስመርረናል።

በሁለተኛው ዓመት መምህርቷ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረች። ስፖንጇንና አንድ ጥሩ መቀስ ትታልኝ ሄደች። ብቻዬን ቀረሁ፤ ሥራው ግን አልቀረም።

ያን ጊዜ ከአካባቢያችን ብዙ ልጆች ወደ ሰሜን ዘምተዋል። ደብዳቤ እየተከፈተ ይነበባል ይባል ስለነበር ሰው የልቡን ለመጻፍ ይፈራ ነበር። ካርድ ግን የኢድ ካርድ ነው፤ ማን ምን ይለዋል? ልጆቻቸው የዘመቱ እናቶች አንድ በአንድ ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ። አንዲት እናት «ቀይዋን ላም አድርጊልኝ፣ ከሥሯ ጥጃ ይኑር። እንደ ወለደች ይወቅልኝ» አለችኝ። ላሟን ከነጥጃዋ ቀረጽኩ። ሽፋሽፍቷን ለማውጣት ብቻ አንድ ሙሉ ጠዋት ፈጀብኝ። ካርዱን ስትቀበለኝ ላሟን በጣቷ ዳሰሰቻት፤ «እሷው ናት፣ ወላሂ» አለች። ማንበብ የማትችል ሴት ለልጇ ደብዳቤ ጻፈች ማለት ነው ብዬ ብዙ ቀን ደስ ሲለኝ ቆየ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች መጥተው ማኅተሞቼን ያስቀመጥኩባትን ካርቶን አነሱ፣ እኔንም ወደ ቀበሌ ወሰዱኝ። ሊቀ መንበሩ በሰፈር የምናውቀው፣ ቀድሞ ልብስ ሰፊ የነበረ ሰው ነው። ያን ቀን ግን እንደማያውቀኝ ሆኖ አየኝ።

«ማኅተም ትቀርጫለሽ ተብሏል።»

«አበባ ነው የምቀርጸው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«አበባም ሆነ እሾህ፣ ማኅተም ማኅተም ነው። ምቺና አሳዪኝ።»

ነጭ ወረቀት አቀረቡልኝ። አንድ በአንድ መታሁለት፦ አበባ፣ ጨረቃ፣ የማሽላ ዛላ፣ ጨፋ ሜዳ ላይ ከከብት ጀርባ የማትጠፋዋን ነጭ ሳቢሳ ወፍ፣ ላሟንና ጥጃዋን። ላሟ ስትወጣ አንደኛው ጥበቃ ፈገግ አለ፤ ወዲያው ፊቱን ኮስተር አደረገ። በመጨረሻ ዙሪያዋን የማሽላ ቅጠል የከበባት፣ መሐሏ ባዶ የሆነች ክብ ማኅተም ቀረች። ሊቀ መንበሩ እሷን ወደ ብርሃን አስጠግቶ አገላበጣት።

«ይቺስ?»

«መሐሉ ላይ የሚላክለት ሰው ስም ይጻፍበታል።»

«ዛሬ የሰው ስም፣ ነገ የቀበሌ ስም» አለና መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ቆለፈባት። ካርቶኗን ከነቀሪዎቹ ወደ እኔ ገፋት። «ሂጂ። አበባ ቅረጪ፣ ከብት ቅረጪ። ክብ ነገር ግን እንዳላይ።»

እናቴ ከቀበሌው በር ውጭ ፀሐይ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ነበር። መስጊዱን ስናልፍ ዞር ዞር ብላ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ «ጨረቃስ? ጨረቃ ክብ አይደለችም እንዴ?» አለች። ሁለታችንም ሳቅን።

ቀበሌ የተጠራሁበት ምክንያት በሰፈሩ ሁሉ ተሰማ። ያላወቀም አወቀ፤ ያቺ ልጅ ማኅተም መቅረጽ ትችላለች ተባለ። በሳምንቱ፣ እናቴ ሱቅ ሳለች፣ ከእኛ ሁለት ቤት ወዲያ የምትኖር ጎረቤታችን መጣች። ባሏ የሞተባት፣ ከጨፋ ወተት እያስመጣች የምትሸጥ ሴት ናት። አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላት። ለውትድርና ስሙ ተጠርቶ፣ ጨፋ አጎቱ ዘንድ ማሽላ ውስጥ ተደብቆ ነበር።

«ኢንተላ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው፣ ስትጨነቅ አፏ ወደ ኦሮምኛ ይሄዳል። ከሻሿ ጫፍ የተጣጠፈ ወረቀት ፈታ ዘረጋችልኝ። ያረጀ የይለፍ ወረቀት ነው፤ ከግርጌው የቀበሌው ክብ ማኅተም አለ። «ይህችን ማኅተም ቅረጪልኝ። ልጄ ሰንበቴ ገበያ ድረስ ይድረስልኝ እንጂ፣ ከዚያ ከአፋር ነጋዴዎች ጋር ግመል እየነዳ ይወርዳል። እዚያ የሚቀበለው ሰው አለ።»

ወረቀቱን ተቀበልኳት። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አለመሆኑ ነው። መጀመሪያ የታየኝ ሥራው ነበር። ፊደሎቹ እንዴት እንደዞሩ፣ የት ላይ እንደቀጠኑ፣ አንደኛው እግሩ እንደተሰበረ አየሁ። አንድ ቀን ተኩል ይበቃኛል ብዬም በልቤ ገመትኩ። ከዚያ በኋላ ነው የሊቀ መንበሩ ድምፅ የመጣብኝ፤ እናቴም ፀሐይ ላይ ቆማ ታየችኝ።

«አልችልም» አልኳት። «ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ በምላጭ አይወጣም።»

ጠረጴዛዬን አየች። ላሟ እዚያው ነበረች፣ ከነሽፋሽፍቷ። ቀጥላ እጆቼን አየች። «እሺ፣ ልጄ። አላህ ያውቃል» አለችና ወረቀቱን አጣጥፋ ወጣች።

ዐሥር ቀን አልሞላም። ልጁ ልብስ ሊቀይር ወደ ቤቱ ብቅ እንዳለ ያዙት። እናትየው የጫኑበትን መኪና ተከትላ አስፋልቱ ድረስ እየሮጠች ስትጮህ እኔ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ሲወጣ እኔ አልወጣሁም።

ኢድ ሲደርስ ያቺው ሴት መጣች። ትወቅሰኛለች ብዬ ነበር፤ አልወቀሰችኝም። «ለልጄ ካርድ ሥሪልኝ» ብቻ አለች።

«ምን ይሁንልሽ?»

«አንቺ የፈቀድሽው። ቦርከና ዳር ነው ያደገው።»

አራት ቀን ሠራሁት። እንደዚያ ያለ ካርድ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሠራሁም። አምስት ድርብ ወረቀት፣ ወንዙ ከሥር፣ ማሽላው ከፊት፣ ሳቢሳዎቹ ከበላይ። ውስጡ «ደህና ነኝ፣ አንተ ብቻ ና» ብዬ እንድጽፍ ነገረችኝ፤ ጻፍኩላት። መልስ አልመጣም። በዓመቱም፣ በቀጣዩም ዓመት ላክን።

ልጁ የመጣው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ከስቶ፣ አንድ ጆሮው ደንቁሮ፣ አብዛኛውን መንገድ በእግሩ ተጉዞ መጣ። ቤታቸው ዱዓ ሲደረግ እኔም ሄጄ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጥኩ። ኋላ አጠገቡ ስደርስ ካርዶቹ ደርሰውት እንደሆነ ጠየቅሁት። በደህናው ጆሮው ወደ እኔ ዘንበል ብሎ ሰማኝ። «አንዱ ደርሶኝ ነበር። ዝናብ አበላሸው» አለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ እናቱና እኔ ከሰንበቴ ገበያ ውለን አብረን ስንመለስ፣ መኪና እየጠበቅን ሳለን፣ ነገሩን አወጣሁት።

«ያኔ ያልሽኝን ማኅተም… እችለው ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀመጠች። «በጣም አዝኜብሽ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም እልሽ የነበረው ለእናትሽ ብዬ ነው። እያደር ግን አሰብኩት፤ እሱ ቢያዝ ማን ቀረጸው ይባል ነበር። የምትሄጂው አንቺ ነበርሽ። የራሴን ልጅ ላድን ብዬ የሰው ልጅ ልሰጥ ነበር።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

«አንድ ነገር ግን ልንገርሽ» አለች። «እፈራለሁ ብትይኝ ኖሮ አብሬሽ እፈራ ነበር። አልችልም ስትይኝ ግን ዓይን እንደሌላት ቆጠርሽኝ።»

መኪናው መጣ፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ቦታ አግኝተን እስከ ከሚሴ ሄድን። እሷ ከሞተች አሁን ቆይቷል። ልጇ አግብቶ ወልዷል፤ ስንገናኝ ስለ እርሻው እንጂ ስለዚያ ዘመን አናወራም። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው የከበደ ነገር ሲለምነኝ፣ አልችልም የሚለው ቃል አፌ ላይ ሲመጣ፣ እውነት የማልችለው መሆኑን መጀመሪያ ራሴን እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ የማልችለው ሆኖ አላገኘውም። እፈራለሁ ማለት ደግሞ እስካሁን ይከብደኛል፤ ቢሆንም እላለሁ።