ዑስማንና ከግንቡ ሥር ያለው ቤት

ዑስማን መኪናው ውስጥ ለገባ ሁሉ ስለ ኡልመንሽታይን ሳያወራ አያወርድም። አትላንታ ከመምጣቱ በፊት በዚያች የጀርመን ተራራ ከተማ ኖሯል፤ ሥራው ከአናቷ ላይ የተሠራውን አሮጌ ግንብ መጥረግና መጠበቅ ነበር። እኔም ሹፌር ነኝ። ዶራቪል ባቡር ጣቢያው አጠገብ አብረን ስለምንቆም ታሪኩ ጆሮዬን አደንቁሮታል።

ድሮ የከተማዋ መስፍን ግንቡን ሲያሠራ «ዐለቱ ውሃ ይዟል» ያለውን ግንበኛ አሰረው። በረዶው ሲቀልጥ አንዱ ጎን ተናደና ከሥሩ የነበረውን ዳቦ ቤት ከነሰዎቹ ቀበረ። የመስፍኑ የልጅ ልጅ በዚያው ድንጋይ መልሶ ሠራው፤ ደግሞ ተናደ። የከተማው ሰው ይቀብራል፣ ያለቅሳል፣ ተመልሶ እዚያው ሥር ቤት ይሠራል። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል ዑስማን። እኔም «ደግሞ ጀመረህ!» እለዋለሁ።

ዘንድሮ ልጁ ለይላ ለትምህርት ወደዚያችው ከተማ ሄደች። ርካሽ ብላ የተከራየችው ክፍል ልክ ከግንቡ ሥር ነው። ከዚያ ወዲህ ዑስማን ለተሳፋሪ ታሪክ መናገር አቆመ። የኡልመንሽታይንን ዝናብ ብቻ በስልኩ ይከታተላል። ፈርቷል፤ እኔም ፈራሁለት።

ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ሲዘንብ ከረመ። ቅዳሜ አጠገቤ ቆሞ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ደወለላት።

«ለይላዬ፣ ከጀርባ ያለው ዐለት ውሃ ያወጣል?»

«ትንሽ ብቻ፣ አባ። ላንድሎርዱ ኖርማል ነው አለኝ።»

«ላንድሎርዱን ተዪው! አሁኑኑ ሙቭ አድርጊ፤ ጓደኛሽ ጋ እደሪ። እሺ በዪኝ!»

ከዚያ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ ስታደርግ ሰማን፤ ስልኩም ተቋረጠ።

የዑስማን ፊት በራ። «አልሃምዱሊላህ! እሺ አለችኝ።»

የኛ ሰው መቼም «አዎ» ለማለት ቃል አያባክንም፤ ትንፋሹን ሳብ ያደርጋል፣ በቃ። ፈረንጅ ሲሰማን የደነገጥን ይመስለዋል። እኔም እፎይ ብዬ ወደ መኪናዬ ዞርኩ። እጄ በሩ ላይ ሳለ ግን ቆም አልኩ። ለይላ እዚሁ አሜሪካ፣ ታከር ያደገች ልጅ ናት፤ እሺ ለማለት «ያ» ትላለች፣ «ኦኬ» ትላለች።

«ዑስማን፣» አልኩት፣ «ለይላ እንዲህ ብላ መልሳልህ ታውቃለች?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። መልሶ ደወለላት። አይጠራም።