እሺ የበዛበት ግድግዳ

ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ስለሆነ እጄ ገና አልተፍታታም። የማታ ትምህርት መምህራችን «ስለምታውቁት አንድ ሰው ጻፉ» ስላሉን ነው እንጂ እኔ ዘውደነሽ ምን አውቄ እጽፋለሁ። ብሳሳት አትሳቁብኝ። የምጽፈው ስለ ኡርጌ ነው።

ኡርጌ የዳሪሙ ወረዳ ልጅ ናት። እኛ ከተማ መቱ መጥታ ኮምፒውተር ተምራ እዚሁ ቀረች። ከሞሲሳና ከነፃነት ጋር ሆና የእኔን የፊት ክፍል ተከራይተው የስልክ ፕሮግራም ይሠራሉ። ገበሬው ለማኅበሩ የሚያስረክበው ቡና ተመዝኖ ስልክ ላይ የሚመዘገብበት ነው። ምን ቀረ፣ የቱ ይቅደም የሚለውን የምትይዘው ኡርጌ ናት። መብራት ስለሚጠፋ ቀሪውን ሥራ በቁራጭ ወረቀት እየጻፈች ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች።

ችግሩ፣ እኛ አገር ሰው ፊት «አይሆንም» አይባልም። ከጎሬም ከቡሬም የመጣው ሁሉ «ይህችንም ጨምሩልን» ይላል። እነሱም «እሺ» ይላሉ፤ ወረቀት ይለጠፋል። ወረቀት በወረቀት ላይ ሆነና ግድግዳዬ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ተነፋፋ። በር ሲከፈት ይንሿሿል። ኡርጌ መቀመጥ አቃታት። ትነሳለች፣ አንዱን ነቅላ ወዲያ ትለጥፋለች፣ ግቢውን ትዞራለች፣ ተመልሳ ያንኑ ትነቅላለች።

የቡና ለቀማ ሊጀመር ሲል የቡሬው ማኅበር መዝጋቢ ቀኖ ደወለ። አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ ሲጮህ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል።

«ኔትወርክ ሲጠፋ የመዘገብኩት ኪሎ ይጠፋል ብዬ ክረምት ላይ ነገርኳችሁ! አምና ገበሬው ሌባ ብሎኛል። ለቀማው ሳይጀመር ካላስተካከላችሁት ወደ እስክሪብቶአችን እንመለሳለን።»

«ጽፈነዋል እኮ!» አለ ሞሲሳ።

ኡርጌ ስትፈልግ ስትፈልግ «ቀለሙ አረንጓዴ ይሁን» ከሚለው ሥር አገኘችው። «አልጻፍነውም፤ ቀብረነዋል» አለች።

ግድግዳው ይራቆት አለች። ከለቀማው በፊት የሚሠራው ብቻ ይቆያል። ሌላው ይወርዳል፤ ግን ለጠየቀው ሰው «አንሠራውም» ሳይባል አንድም ወረቀት አይቀደድም። ነፃነት ስትደውል ዋለች። አንዱ ሳቀባት፣ አንዱ ጆሮዋ ላይ ዘጋው። «ረስቼው ነበር እኮ!» ያለም አለ።

የኦቦ ጎንፋ ወረቀት ብቻ ቀረ። የኡርጌ እናት ወንድም ናቸው፤ ጎሬ ይኖራሉ። ልጆቹ ሥራ ሲጀምሩ ጠረጴዛውን በእጃቸው ጠርበው ያመጡላቸው እሳቸው ናቸው። የጠየቁት፣ ቡናው ሲመዘን ስልኩ በሽማግሌ ድምፅ ገበሬውን እንዲመርቅ ነው።

«እሱን ተይው፣ ጥግ ላይ ይቀመጥ» አለ ሞሲሳ። «አጎትሽ ተቀይመው ጠረጴዛቸውን ቢወስዱ መሬት ላይ ልንሠራ ነው?»

«የእኔ አጎት ከቆየ ነገ ያንተም አጎት ይመጣል። የቀኖ ወረቀት ደግሞ ተመልሶ ሥር ይገባል።»

ወረቀቱን ይዛ ግቢውን ስትዞር ስትዞር እኔ ጋ ደረሰች። «እትዬ፣ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«እኔን ትጠይቂያለሽ? ለባሌ እንኳ አይሆንም ብዬ አላውቅ።»

«ለዚህ ነዋ የጋሼ በጎች በረንዳ ላይ የሚያድሩት!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ቶሎ ጠፋ። «በስልክ ነውር ነው» አለችና እንደገና መዞር ጀመረች።

በነጋታው የግቢውን በር ሳልከፍት ተነስታ ወረቀቱን ኪሷ ከታ በሚኒባስ ጎሬ ሄደች። ረፋዱ ላይ ተመለሰች።

«እንዴት ሆነ?» አልናት።

«'አይሆንም ለማለት ነው እዚህ ድረስ የመጣሽው?' አሉኝ። 'አዎ' አልኳቸው። 'በይ ቁርስ ብዪ' አሉኝ። እሳቸው ግን አልበሉም።»

ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ቀደደችው። ጃኬቷን ሳታወልቅ እሳቸው የጠረቡት ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠችና የቡሬውን ሥራ ከፈተች።