እንጨት ይቀቀላል

በጣልያን ጊዜ የደረሰብኝን ነው የምጽፈው። ካዛንቺስ ያኔ ገና ስሙም አልወጣለትም፤ የጣልያን ሠራተኞች የሚገቡባቸው ቤቶች እየተሠሩ ነበር። ዛሬም የሚያብለጨልጭ ቁም ሳጥን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እኔ የምሠራው ለነዚያ ቤቶች በርና ቁም ሳጥን የሚለጠፍ ስስ እንጨት የሚወጣበት ጣውላ ቤት ነበር። ግንዱ እስኪለሰልስ ድረስ ትልቅ የብረት ገንዳ ውስጥ ይቀቀላል። ከዚያ ማሽን እያሽከረከረ በረጅም ስለት እንደ ወረቀት ይልጠዋል። የተላጠው ይደርቅና በርካሽ ጣውላ ላይ በኮላ ይለጠፋል። ያየ ሰው ሁሉ ውድ እንጨት ይመስለዋል። የኔ ሥራ ከገንዳው ሥር እሳት ማንደድ ነው።

ቂርቆስ አካባቢ አንዲት ልጅ ወደድኩና አጎቴን ሽማግሌ ላክሁት። አባቷ ጋሽ ወልዴ፣ ሥራው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። አጎቴ ማስረዳት የሚባል ነገር አያውቅም፣ «እንጨት ይቀቅላል» አላቸው።

«ታዲያ ልጄን ምን ሊያበላት ነው?»

የቀለደባቸው መስሏቸው ተቆጡ። አጎቴ ምሎ ተገዝቶ ለመናቸው። በመጨረሻ፣ ሄጄ በዓይኔ ካላየሁ ልጄን አልሰጥም አሉ።

መጡም። መቼ? በምሳ ሰዓት። ማሽኑ ቆሟል፣ ጣልያኑ አለቃችን ወጥቷል። እኛ ሠራተኞቹ ደግሞ ምሳችንን በጣሳ አድርገን እዚያው እንፋሎቱ ላይ ነበር የምናበስለው። ጋሽ ወልዴ በበሩ ሲገቡ እኔ ድንች እያወጣሁ ነበር።

«እንጨቱ ይሄ ነው?» አሉኝ።

«ይሄ ድንች ነው፣ ጋሼ። እንጨቱ ከሥር ነው።»

ጎንበስ ብለው አዩ። እንፋሎት ብቻ፣ ምን ይታያል? አንድ ድንች አንስተው ልጠው በሉ። ጨው ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው።

«የጣልያን ወጥ ቤት ነኝ ብትለኝ ምን ነበረበት? እኔ ለልጄ የምፈልገው የማይዋሽ ሰው ነው» አሉና ሁለተኛ ድንች ይዘው ወጡ።

ልጅቷን የቢሮ ሠራተኛ ነኝ ለሚል ባለ ክራባት ዳሯት። በኋላ ስሰማ የአንድ ጣልያን ሹም ወጥ ቤት ኖሯል።

ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ፣ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ነው። አስተማሪያችን ልጄ የምትሆን ናት። ከሕይወታችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ አለችን። «እንጨት ይቀቀላል» ብዬ ጻፍኩ። እንጨቱን በቀይ ሰርዛ «ድንች» ብላ አረመችልኝ።

ዛሬ ከጋሽ ወልዴ ይልቅ የምናደደው በሷ ነው። እሳቸው እንኳ መጥተው አይተዋል።