ሲሚንቶ ያልነካው ካብ

ያን ዲንግ-ሻን፣ ዕድሜ ስልሳ ሦስት። በፐንግሁ ደሴቶች፣ ባሕር ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ ካብ የሚክብና የሚጠግን ሰው ነው። ባሕሩ ሲሞላ ጥቁሩን ካብ ይውጠዋል፤ ሲሸሽ ዓሣው ከውስጥ ይቀራል። ዲንግ-ሻን ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጧል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ አንሥቶ ለካቡ አይሆንም ብሎ የጣለውን ድንጋይ ዳግመኛ አያነሣም።

ልጁ ዩ-ቼን በካውሽዮንግ ከተማ የባሕር ምሕንድስና ተምራ ተመልሳ በደሴቱ ትንሽ ኮሌጅ ታስተምራለች። እስከዚያ ድረስ ሳይንስ መማር የፈለገ ሁሉ መርከብ ይሳፈር ነበር፤ ከተሳፈሩት የተመለሱት በጣት ይቆጠራሉ። ዩ-ቼን ኮሌጁ የባሕር ምሕንድስና ክፍል እንዲከፍት አመለከተች። ከዋና ከተማው ከታይፔ የመጡት ገምጋሚዎች ግን ሰው ሠራሽ ማዕበል የሚፈተንበት ገንዳ የሌለው ኮሌጅ ስለ ማዕበል ሊያስተምር አይችልም ብለው መለሱት። እንዲህ ያለው ገንዳ ከኮሌጁ አዳራሽ ይረዝማል። በኅዳር ዳግመኛ መጥተው ያያሉ፤ ያን ጊዜም ካልጸደቀ የዩ-ቼን ውል ያበቃል፤ እሷም እንደ ሌሎቹ ትሄዳለች።

አባቷ ይህን የሰማው ዓሣ ሲበልት ነው። ቢላዋውን አላስቀመጠም።

«ገንዳ ገንዳ ትያለሽ። ደጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው ታዲያ?»

ካቡ ቤተ ሙከራ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ባለቤቶቹ አሥራ ሁለት ቤተሰቦች ናቸው፤ የማጥመድ ተራው ያልደረሰ ሰው እግሩን አያስገባበትም። ዲንግ-ሻን የዓመት ተራውን በሙሉ ለተማሪዎቹ ለቀቀ።

በሐምሌ ስድስት ተማሪዎች የፈረሰውን አሥር እርምጃ ያህል ከእሱ ጋር ካቡ። እሱ ለለቅሶ ሌላ ደሴት ሄዶ ሁለት ቀን በቆየበት ጊዜ፣ ተማሪዎቹ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት አሳስቧቸው በሲሚንቶ ደፈኑት። ተመልሶ አየና ሲሚንቶውን በጣቱ አንኳኳ።

«አፉን ለጎማችሁት» አለ።

አንዷ ተማሪ ስሌቱን ይዛ ተከራከረችው። «ጋሼ፣ በዚህ ሁሉ ቀዳዳ እኮ ውኃ ያልፋል።»

«እንዲያልፍ ነዋ የተካበው።»

ዩ-ቼን አፍራ እንዲፈርስ አዘዘች። እሱ ከለከለ፤ ሲሚንቶው ባለበት እንዲቆይ፣ የማዕበሉን ግፊት የሚመዘግቡ መለኪያዎችም በተደፈነውና ባልተደፈነው ላይ እኩል እንዲተከሉ አደረገ።

«አባዬ፣ ገምጋሚዎቹ ስሕተታችንን ያያሉ።»

«ይዩዋ። እሱን ከደበቅሽው ምን ልታሳዪያቸው ነው?»

በኅዳር የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ አሥራ ሁለት ቀን ያለ ዕረፍት ነፈሰ። ገምጋሚዎቹ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ደረሱ፤ ሰብሳቢያቸው ፕሮፌሰር ጆንግ ፈገግታ የማያውቁ ሴት ነበሩ። ባሕሩ ሲሸሽ ሁሉም ወረዱ። በሲሚንቶ የተደፈነው አሥር እርምጃ እንዳለ ወደ ውስጥ ተገንድሷል። ከግራና ከቀኙ ግን አንዲት ድንጋይ አልጎደለችም። መለኪያዎቹም ምክንያቱን መዝግበዋል፤ የተደፈነው ክፍል የማዕበሉን ጉልበት ሙሉ በሙሉ ተሸክሞታል፤ ባልተደፈነው ግን ውኃው በክፍተቶቹ እያለፈ ጉልበቱን ጨርሷል።

ፕሮፌሰሯ ቦቲ ተውሰው ገቡና እጃቸውን በክፍተቱ ሰደዱ። ይህን የት እንደ ተማረ ዲንግ-ሻንን ጠየቁት።

«አባቴ ዘንድ» አለ ዲንግ-ሻን። «የካብኩት በፈረሰ ቁጥር ምሳ ይከለክለኝ ነበር።»

ፕሮፌሰሯ ሳቁ። የፈረሰውን ክፍል ማንም እንዳያነሣው፣ ከማንኛውም ገንዳ በላይ እንደሚያስተምር በቃለ ጉባኤው አስጻፉ፤ ፈቃዱንም እዚያው ደሴቱ ላይ ፈረሙ።

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም አርባ አንድ ተማሪዎች ተመዘገቡ፤ አሥራ አንዱ ታይፔ ካለችበት ከዋናው ደሴት በመርከብ የመጡ ናቸው። የካቡ ባለቤት የሆኑት አሥራ ሁለቱ ቤተሰቦች በቤተ መቅደሱ ደጃፍ ርችት ተኮሱ። የዲንግ-ሻን የአጎት ልጅ አንድ ቅርጫት ዓሣ አሸክሞት፣ ከእንግዲህ ዓሣ የሚሸጠው ዲግሪ ላላቸው ብቻ እንደ ሆነ እየቀለደ ጠየቀው። ዲንግ-ሻን ለዲግሪ የሌላቸው በእጥፍ ዋጋ እንደሚሸጥ መለሰለት።

አሁን በዩ-ቼን ጠረጴዛ ላይ አንድ ቅጽ ብቻ ቀርቷል፤ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ስምና የትምህርት ደረጃ የሚሞላበት። ደንቡ ዲግሪ ይጠይቃል። አባቷ የራሷን ስም እንድትጽፍ ነግሯታል፤ እሷ ግን ቦታው የእሱ ነው ብላ አልጻፈችም። ቅጹ ሰኞ ይላካል። አንባቢ ሆይ፣ ብዕሩ በእጅዎ ቢሆን የማንን ስም ይጽፉ ነበር?