ቅበላ ዕለት የተለካ ሞላ

በዚያ ዘመን ጎንደር ውስጥ ዋኘው ያልነካው ሞተር አልነበረም። ጣሊያን ሳለ አውቶ ፓርኮ በሚሉት የመኪና ግቢያቸው ውስጥ ብሎን ሲያቀብል ጀምሮ፣ ጣሊያን ሲወጣ መፍቻውን ይዞ የቀረ ሰው ነው። ፒያሳ ግርጌ፣ ከቆርቆሮ ጋራዡ ደጃፍ የምትቆመው አሮጌ ሞተር ሳይክሉም የዚያው ዘመን ትርፍ ናት። ከሦስት ሬሳ አንድ ነፍስ ዘርቶ ያስነሣት እሱ ራሱ ነው።

የነፍስ አባቱ መምሬ ሐብተ ማርያም ደግሞ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ግዙፍ ሰው ነበሩ። በቅሏቸው በእርጅና ሞተች ይላሉ እሳቸው፤ ደብተራዎቹ ግን ሌላ ይላሉ። በቅሎዋ ከሞተች ወዲያ አምባ ጊዮርጊስ ያለች እኅታቸው እንኳየሁ ስትናፍቃቸው፣ ዋኘው «እኔ እያለሁ ምን ገዶዎት አባ» ብሎ ከኋላው አስቀመጣቸው። ጥምጣማቸውን በነጠላ ጠፍረው፣ ጃንጥላቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ሲያልፉ ከተማው ጉድ አለ። አንድ ምላሱ የማያርፍ ደብተራማ «መምሬ በእሳት ሰረገላ ዐረጉ» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ተሳለቀ።

መንገዱ ግን አያድርስ ነበር። ሞተሯ የተሠራችው ለአንድ ቀጭን ወታደር ነው። መምሬ ሲቀመጡባት የኋላ ሞላዋ ሙሉ በሙሉ ተኛ፤ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ብረት ከብረት ይላተማል። ሽማግሌው እኅታቸው ደጅ ሲወርዱ ወገባቸው አልቃና አላቸው። ዋኘው አፈረ። ሥራውን የሚወድ ሰው ሲያፍር ደግሞ ዝም ብሎ አይተኛም። ከአንድ የጭነት መኪና ሬሳ ወፍራም ሞላ ፈትቶ አመጣ፤ ቆረጠው፣ አግሎ ቀጠቀጠው፣ ገጠመው።

አለካኩ ቀላል ነው። ተሳፋሪው ይቀመጣል፣ የሞላው አወራረድ በጣት ይለካል። ሁለት ጣት ከወረደ ሸጋ ነው። ከዚያ ካነሰ ሞላው ደርቋል፣ ሰው ያነጥራል፤ ከበለጠም ልል ነው፣ ይላተማል። የዐቢይ ጾም ቅበላ ዕለት መምሬ ሥጋቸውን በልተው፣ ጠላቸውን ጠጥተው፣ ከነካባቸው መጥተው ጉብ አሉባት። ዋኘው ተንበርክኮ ለካ። ልክ ሁለት ጣት። «ምነው በቅሎዬም እንዲህ ሸጋ በነበረች» አሉ መምሬ። ያን ቀን የዋኘው ኩራት ለብቻው ጋራዥ ያስፈልገው ነበር።

ከዚያ ጾሙ ገባ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዋኘው ያን ጾም አዘዞ በሚገኝ የመንገድ ሥራ ካምፕ ማሽን ሲጠግን ከረመ። ፈረንጆቹ ምሳ ሲቀርብ ጠሩት። የመጀመሪያ ቀን እንቢ አለ። በማግሥቱ መረቅ ቀመሰ። ከዚያማ ምን ይጠየቃል! ሥጋውን ከነሱ እኩል ይቆርጥ ጀመር። ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ይመኙሽ ያቀረበችለትን ሽሮ ሳይነካ ይተኛል። እሷ ምስኪን ጾሙን ያጠበቀ መስሏት፣ ባሌ መናኝ ሊሆን ነው እያለች ለጎረቤት ታወራለች። ይህን በሰማ ቁጥር አንገቱን ደፍቶ ወደ ጋራዡ ይሸሻል። በማግሥቱ ግን ይበላል።

ፋሲካ ዋለና፣ በማግሥቱ ሰኞ፣ ማዕዶት ዕለት፣ መምሬ እኅታቸውን እንኳን አደረሰሽ ሊሉ መጡ። ካባቸው በላያቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ስግደቱ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋሉ፣ በመጨረሻም አክፍሎቱ ያን ግዙፍ ሰው አመንምኖታል። ዋኘው አየ። እንዲያውም ጾሙ ጎዳዎት አላቸው። ሞላው ግን ትዝ አላለውም። እንዴት ትዝ ይበለው! የሱ ቀበቶ ቅበላ ዕለት በነበረበት ቀዳዳ ላይ ነዋ።

ኮሶዬን አልፈው አንዲት ትንሽ ድልድይ ጠርዝ ላይ ጎማዋ ዘለለች። ያ ወፍራም ሞላ የሚጫነው ክብደት አጥቷልና ሽማግሌውን እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ወረወራቸው። በቀኝ እጃቸው ላይ ወደቁ። ወጌሻ አሽቶ አሠረው፤ ሲፈታ ግን አንጓው ደርቆ ቀረ። የቅዳሴውን ጻሕል የሚያነሡበት እጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ መምሬ ለቅዳሴ አልገቡም። ቅኔ ማሕሌቱ ጥግ ቆመው ሌላው ሲቀድስ ይሰማሉ።

ሰው ሁሉ ድልድዩን ረገመ። ዋኘው ግን ጋራዡን ከውስጥ ዘግቶ ሞላውን ሲጫነው ነገሩ ሁሉ ተገለጠለት። እሳቸው በጾም ቀለሉ፤ ሞላው ቅበላ ላይ ቀረ። እሱም ጾሞ ቢሆን፣ የገዛ ሱሪው ሲወርድበት ሞላው ትዝ ይለው ነበር። እሱ በበላው ሥጋ የሳቸው እጅ ተሰበረ። ይህን ካሰበ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ራቀው።

ለማን ይናገረው? ኃጢአት የሚነገረው ለነፍስ አባት ነው፤ የነፍስ አባቱ እሳቸው ናቸው። ሌላ ቄስ እንዳይዝ መምሬ ምን በደሉህ ይባላል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ጣራቸውን ሲከድን፣ እንጨት ሲያስጭን፣ ልጅ የማያደርገውን ሲያደርግ ከረመ። ሰው ባመሰገነው ቁጥር መሬት ብትውጠው ይወዳል። መንገደኛ በሞተሩ አድርሰኝ ቢለው፣ ለሁለት ሰው አትሆንም ብሎ ይመልሳል። ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም ይባል የለ!

መምሬ መስቀሉን በደረቀው እጃቸው ይዘው፣ በግራቸው ደግፈው ሲያሳልሙት፣ ምን ኃጢአት አለብህ ልጄ ይሉታል። ተቆጣሁ፣ በከንቱ ማልሁ ይላል። መስቀሉን ሳያነሡ ደግመው ይጠይቁታል።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለኝም አባ።»

ዓመት ዞሮ ጾሙ ተመልሶ መጣ። ዋኘው በዚህኛው ቅባት የነካው ነገር አላየም፤ ልብሱ ሰፋው፣ ይመኙሽ እስክትሰጋ ድረስ ከሳ። ሰላም ግን አላገኘም። በሕማማት ሳምንት አንድ ቀን መምሬ ጋራዡ ደጃፍ ብቅ አሉ። ሕማማት ነውና መስቀል አላሳለሙትም። ካባቸውን ሰብስበው፣ በአንድ እጃቸው ተደግፈው ሞተሯ ላይ ወጡ።

«ለካ» አሉት።

ዋኘው እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። ሁለተኛ ሰው እንደማይጭንባት ሊነግራቸው ጀመረ።

«አምና ጠግቤ ለካኸኝ» አሉ መምሬ። «ዘንድሮ ጾሜ መጣሁ። ለካ።»

ተንበርክኮ ጣቱን አስገባ። አንድ ጣት እንኳ አልወረደም። ቀና ብሎ ሲያያቸው እሳቸውም ቁልቁል እያዩት ነው። እንደሚያውቁ ያን ጊዜ ገባው።

«አምና ኮሶዬ ሳንደርስ ነው ያወቅሁ» አሉት ሳይጠየቁ። «ከኋላህ ሆኜ ወገብህን ይዤ አልነበር? ሁዳዴን የጾመ ሰው ወገብ አላጣውም። እጄን ለምጄዋለሁ፣ ልጄ። ያልለመድሁት ‹ሌላ የለኝም› ስትለኝ ነው።»

ዋኘው ዘይት በጠገበው መሬት ላይ ተደፋ። የአዘዞውን ሥጋ፣ የይመኙሽን ሽሮ፣ የቀበቶውን ቀዳዳ፣ አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ሲጨርስ ራሱን ዝቅ አድርጎ ‹ይፍታህ› እስኪሉት ጠበቀ።

መምሬ በአንድ እጃቸው እየተደገፉ ቀስ ብለው ወረዱ።

«ሕማማት ነው» አሉ። «በዚህ ሳምንት ፍትሐት እንደሌለ ታውቃለህ። እስከ ፋሲካ ተሸክመኸው ቆይ። እኔም ዓመት ሙሉ ተሸክሜልሃለሁ።»

ዋኘው እንባውን በዘይታም ክንዱ ጠረገና መፍቻውን አንሥቶ ሞላውን መፍታት ጀመረ። መምሬ በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። ማዕዶት ዕለት እንኳየሁ ዘንድ እንደሚሄዱ ነገሩት።

«ወገብህን እይዛለሁ» አሉት።